ስለ መጥፎ ፊልም ስናወራ የምንሠራቸው ስህተቶች

«ይሄን ቆሻሻ እያየህ ጭንቅላትህ ደነዘዘ!» የሚለውን ቁጣ ብዙዎቻችን ሰምተን ነው ያደግነው። ዛሬ ደግሞ እኛው ለልጆቻችን እንለዋለን። መጥፎ ፊልም ማየት በእርግጥ ጭንቅላት ያደነዝዛል ወይ? ጥያቄው ተገቢ ነው፤ በቁም ነገር ያጠኑትም አሉ። ችግሩ መልሱን ስንፈልግ የምንሳሳታቸው ነገሮች መኖራቸው ነው።

የፊልሙን ድክመት ለተመልካቹ መስጠት። እ.ኤ.አ. (ከዚህ በታች ያሉት ዓመታትም እንዲሁ) በ2016 በጀርመን ፍራንክፈርት ከተማ በሚገኘው የማክስ ፕላንክ የኪነ ውበት ምርምር ተቋም ያሉ ሁለት ተመራማሪዎች መጥፎ ፊልም ወዳዶችን ጠየቁ። በርካሽ የተሠራ፣ ትወናው የሚያሳፍር፣ ደሙ ቀለም መሆኑ የሚያስታውቅ ፊልም ፈልገው የሚያዩ ሰዎችን ማለት ነው። ትምህርታቸው ከአማካዩ ከፍ ያለ ሆኖ ተገኘ። ብዙዎቹ ጠንከር ያሉ የጥበብ ፊልሞችንም የሚወዱ ናቸው። ስለዚህ አንድ ሰው በሚያየው ፊልም ብቻ «ይሄማ ምን ያስባል» ማለት አያስኬድም።

ነገሩን መገልበጥ። ጥናቱ እንደወጣ «መጥፎ ፊልም የሚወዱ ሰዎች ብልህ ናቸው» የሚል ዜና ዞረ። ጥናቱ ግን ይህን አላለም። የጠየቀው ስለ ልማድ፣ ስለ ምርጫና ስለ ትምህርት ነው። ብዙ ፊልም ያየ ሰው መጥፎውን ሲያይ የት እንደተበላሸ ይገባዋል፤ ደስታውም እዚያ ላይ ነው። እውቀቱን ይዞ ሄደ እንጂ ከፊልሙ አላገኘውም።

የአፍታን ለውጥ የዕድሜ ልክ ማድረግ። እ.ኤ.አ. በ1993 የሞዛርትን ሙዚቃ ለ10 ደቂቃ ያዳመጡ ተማሪዎች በአንድ የቅርጽ ፈተና የተሻለ ውጤት አመጡ። ለውጡ ከ15 ደቂቃ በላይ አልዘለቀም። ግን ወሬው ገነነና በ1998 የአሜሪካዋ ጆርጂያ ገዥ ለሚወለድ ሕፃን ሁሉ የክላሲካል ሙዚቃ ሲዲ እንዲታደል በጀት እስከመጠየቅ ደረሱ። በተቃራኒው በኩልም ያው ነው። በ2011 በወጣ ጥናት፣ ፈጣን የካርቱን ፊልም ለ9 ደቂቃ ያዩ የ4 ዓመት ልጆች ሥዕል ሲሥሉ ከቆዩት ይልቅ ትኩረታቸውን መግዛት አቃታቸው። የተለካው ግን ወዲያው ነው። «ካርቱን አእምሮ ገደለ» የሚያስብል ነገር የለውም። ለእኔ የሚሰጠኝ ትርጉም ልጁን ከቴሌቪዥን ፊት አንስቼ በቀጥታ የቤት ሥራ ላይ እንዳላስቀምጠው ነው።

ልጅንና አዋቂን አንድ ላይ መደመር። እኔን ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይሄ ነው። በጣሊያን፣ በኋላ ጠቅላይ ሚኒስትር የሆነው ባለሀብት የቤርሉስኮኒ የመዝናኛ ቻናሎች በ1980ዎቹ በየአካባቢው የደረሱት በተለያየ ጊዜ ነበር። ተመራማሪዎች ቀድሞ የደረሳቸውንና ዘግይቶ የደረሳቸውን አካባቢዎች አነጻጸሩ። በ2019 ባወጡት ጽሑፍ፣ በልጅነታቸው ያን ቀላል መዝናኛ እያዩ ያደጉ ሰዎች አዋቂ ሲሆኑ በማሰብ ችሎታ መለኪያዎች ዝቅ ብለው እንደተገኙ ጻፉ።

እዚህ ላይ «በቃ፣ ቴሌቪዥን መርዝ ነው» ብላችሁ አትሩጡ። በአሜሪካ ቴሌቪዥን በተለያየ ጊዜ የገባባቸውን ከተሞች ያነጻጸሩ ሁለት ኢኮኖሚስቶች በ2008 ያወጡት ውጤት ሌላ ነው። ልጆቹ በትምህርት ቤት ፈተና አልተጎዱም። እንዲያውም ቤታቸው እንግሊዝኛ በማይነገርባቸው ልጆች ላይ ጥቅሙ ጎላ ብሎ ታየ። ዋሽንግተን ወይም ዳላስ ልጅ የሚያሳድግ አበሻ ይሄን ሊያስብበት ይገባል። ልዩነቱ ያለው ቴሌቪዥኑ ምን ተክቶ ገባ የሚለው ላይ ይመስለኛል። መጽሐፍን፣ ጨዋታንና ከወላጅ ጋር ማውራትን ካባረረ ልጁ ይከስራል። ምንም በሌለበት ቤት አዲስ ቋንቋ ይዞ ከገባ ደግሞ ያተርፋል። ለሕፃናት ግን መስመሩ ግልጽ ነው። የዓለም ጤና ድርጅት ከ2 ዓመት በታች ምንም ስክሪን አይታይ፣ ከ2 እስከ 4 ዓመት ደግሞ በቀን ከ1 ሰዓት አይለፍ ይላል።

ዝም ብሎ መዋጥ። በ2011 በኦስትሪያ ይሠራ የነበረ አንድ ተመራማሪ ሰዎችን ስለ አንድ ቂል የኳስ ደጋፊ አጭር ታሪክ አስነበበ። ከዚያ ጠቅላላ እውቀት ፈተናቸው። ስለ ቂሉ ያነበቡት ዝቅ ያለ ውጤት አመጡ። «ከዚህ ሰው በምን ትለያላችሁ?» ተብለው እያሰቡ ያነበቡት ግን አልተነኩም። ጥናቱ በጽሑፍ እንጂ በፊልም አይደለም፤ ቢሆንም ትምህርቱ ለፊልምም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ። ድሮ ቪዲዮ ቤት ውስጥ «ኧረ ከኋላህ ነው!»፣ «ይሄማ ውሸት ነው!» እያለ የሚጮኸው ተመልካች እያሰበ ነበር። ቤትም ከልጆች ጋር እንዲሁ አውሩ። «ይሄ ሰውዬ ለምን እንዲህ አደረገ? አንተ ብትሆንስ?» በሏቸው።

ሰዓቱን መርሳት። በእንግሊዝ ከ50 ዓመት በላይ የሆኑ ከ3,000 በላይ ሰዎች ተጠንተው ነበር። በቀን ከ3 ሰዓት ተኩል በላይ ቴሌቪዥን የሚያዩት ከ6 ዓመት በኋላ ቃላትን የማስታወስ ችሎታቸው ከሌሎቹ ይልቅ ቀንሶ ተገኘ። ቴሌቪዥኑ ራሱ ነው ያመጣው ብሎ መደምደም አይቻልም። ግን እናታችን ከምሳ እስከ እራት ተከታታይ ድራማ ላይ የሚውሉ ከሆነ፣ «ይሄ ድራማ አይረባም» እያልን ከመነዝነዝ ሁለት ክፍል ካዩ በኋላ አብረናቸው ጎረቤት ቡና ብንሄድ ይሻላል።