ስለ እድገትና ስለ ሕዝብ ኑሮ ስንከራከር ልናስወግዳቸው የሚገቡ ስህተቶች

መንግሥት ከኢኮኖሚ እድገት ይልቅ የዜጎችን ደህንነት ያስቀድም ወይ የሚለው ጥያቄ ቡና ላይ ሲነሳ ብዙ ጊዜ በሁለት መስመር ያልቃል። አንዱ «ፎቅ አይበላም» ይላል፣ ሌላው «ሳይሠራ ከየት ይበላል?» ብሎ ይመልሳል። እኔ የሰው ኑሮ ይቅደም ባይ ነኝ። የሚያበሳጨኝ ግን የእኔ ወገኖችም ከወዲያ ያሉትም የሚደጋግሟቸው ስህተቶች ናቸው።

ጂዲፒን የኑሮ መለኪያ ማድረግ

ጂዲፒ ማለት በአንድ ዓመት ውስጥ በአገር ውስጥ የተመረተው ዕቃና አገልግሎት ጠቅላላ ዋጋ ነው። ስሌቱን ካዋቀሩት ሰዎች አንዱ ኢኮኖሚስቱ ሳይመን ኩዝኔትስ ነው። እሱ ራሱ እ.ኤ.አ. በ1934 ለአሜሪካ ኮንግረስ ባቀረበው ሪፖርት የአንድን ሕዝብ ደህንነት ከብሔራዊ ገቢ መገመት እንደሚያዳግት አስጠንቅቋል።

ሰፈራቸው ለልማት የፈረሰባቸው ጎረቤቶቼ ዳር ወዳለ ኮንዶሚኒየም ገቡ። እቃ የጫነው አይሱዙ ኪራይ፣ ለአዲሱ በር የተገዛው ቁልፍ፣ ጠዋትና ማታ የሚከፈለው የታክሲ ሂሳብ፣ ሁሉም በጂዲፒ ይደመራል። የተበተነው እድር አይደመርም። ድሮ ልጁ ከትምህርት ቤት ሲመለስ የምታየው የጎረቤት ሴት ነበረች፣ ያውም በነጻ። ዛሬ ሞግዚት ተቀጥራለታለች፤ ደሞዟ እንደ እድገት ይቆጠራል። (አዲሱ ቤት የራሱ ቧንቧና ሽንት ቤት እንዳለው ግን መርሳት የለብንም። ይህን የሚንቀው በጋራ ሽንት ቤት ተሰልፎ የማያውቅ ሰው ነው።)

«ኑሮ ከተወደደ እድገቱ ውሸት ነው» ማለት

ይሄኛው የእኛ ወገን ስህተት ነው። የሚነገረው የእድገት መቶኛ የዋጋ ንረቱ ተቀንሶ የሚሰላ ነው። ስለዚህ ምርት አድጎም መምህሩ ሽንኩርት በኪሎ ሳይሆን በፍሬ ሊገዛ ይችላል፤ ደሞዙ ባለበት ቆሞ ዋጋው ጥሎት ሄዷላ። መጠየቅ ያለበት «ቁጥሩ እውነት ነው ወይ?» ብቻ ሳይሆን «ያደገው ለማን ነው?» የሚለውም ነው።

ሀብታም ሳይኮን ምንም አይደረግም ብሎ ማሰብ

ይህን የሚል ሰው በኢትዮጵያ ከ1995 ዓ.ም. ጀምሮ የተሰማሩትን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች ያስታውስ። አሥረኛ ክፍል ያጠናቀቁ የየአካባቢው ሴቶች አንድ ዓመት ሰልጥነው በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሁለት ተመደቡ፤ ቁጥራቸው ከ30 ሺህ በላይ ደረሰ። በእግራቸው ቤት ለቤት እየዞሩ ክትባት አስከተቡ፣ የመጸዳጃ ጉድጓድ አስቆፈሩ፣ እናቶችን ስለ እርግዝናና ስለ ወሊድ አስተማሩ። እ.ኤ.አ. በ2000 ከ1,000 ሕፃናት 166ቱ አምስት ዓመት ሳይሞላቸው ይሞቱ ነበር። እ.ኤ.አ. በ2016 ይህ ቁጥር 67 ነበር። ሁሉም የእነሱ ሥራ ነው አልልም፤ መንገዱም ትምህርቱም ድርሻ አለው። ግን አገሪቱ ያኔም ከድሆች ተርታ ነበረች። በተቃራኒው ኢኳቶሪያል ጊኒ በነዳጅ ብዙ ገንዘብ አግኝታ ሕዝቧ በድህነት ቀርቷል።

ቡታንን ጠቅሶ ክርክር መዝጋት

ስለ ትንሿ የእስያ አገር ስለ ቡታን የሚነገረው «ንጉሡ ከምርት ይልቅ ደስታን መረጡ» የሚለው ታሪክ ደስ ይላል። ሐሳቡን እ.ኤ.አ. በ1970ዎቹ ያነሱት ንጉሥ ጂግሜ ሲንግዬ ዋንግቹክ ናቸው፤ እ.ኤ.አ. በ2008 በጸደቀው ሕገ መንግሥትም ገብቷል። ሆኖም ነጻው ሕክምናና ትምህርት ወጪ አለው፤ ከአገሪቱ ዋና ገቢዎች አንዱ ደግሞ ለህንድ የሚሸጠው የውኃ ኃይል መብራት ነው። ወጣቶቿም ሥራ ፍለጋ በገፍ ወደ አውስትራሊያ ሄደዋል። ከሁሉ የሚከብደው ግን እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ መጀመሪያ ኔፓልኛ ተናጋሪ ቡታናውያን ከአገራቸው ተገፍተው ወጥተው ወደ 100 ሺህ የሚጠጉት ኔፓል ውስጥ በመጠለያ ካምፕ መኖራቸው ነው። ደስታ በመንግሥት ደረጃ ሲለካ እነሱ ከመዝገቡ ውጭ ነበሩ።

«እስክናድግ ታገሱ»

ግንባታው የቆመ ድልድይ በጀት ሲገኝ ይቀጥላል። ሕፃን ግን እንደዚያ አይደለም። መቀንጨር የሚጀምረው ከእርግዝና አንስቶ እስከ ሁለተኛ ዓመት ልደት ባለው ጊዜ ነው፤ ከዚያ በኋላ መመለሱ በጣም ያስቸግራል። እ.ኤ.አ. በ2019 በኢትዮጵያ በተደረገው የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ከአምስት ዓመት በታች ካሉ ሕፃናት 37 በመቶው የቀነጨሩ ነበሩ። ያኔ ሁለት ዓመት የነበራቸው ልጆች ዛሬ ትምህርት ቤት ገብተዋል።