በማደግ ላይ ላለች ከተማ የተቀናጀ የትራንስፖርት አውታር እንዴት ይታቀዳል?

ከተማ በፍጥነት ስታድግ የትራንስፖርት ውይይት ብዙውን ጊዜ የሚጀምረው «ምን እንግዛ?» ከሚለው ጥያቄ ነው። ባቡር ይዘርጋ ወይስ ትልልቅ አውቶቡሶች ይገዙ በሚለው ክርክር ወራት ያልፋሉ፤ ግዥው ሲጠናቀቅ ግን ባቡሩ በአንድ በኩል፣ አውቶቡሱ በሌላ በኩል፣ ሚኒባሱም በራሱ መንገድ ይሄዳል፤ በመካከላቸው ያለውን ክፍተት ተሳፋሪው በእግሩና በኪሱ ይሞላዋል። የተሽከርካሪ ምርጫ የዕቅዱ ውጤት እንጂ መነሻ ሊሆን አይገባም። አንድ መስመር ብቻውን የሚያደርሰው ወደ ጥቂት ቦታዎች ስለሆነ፣ ከተማዋ ለነዋሪዋ በሙሉ የምትከፈተው ከአንዱ መስመር ወደ ሌላው መቀየር ቀላል ሲሆን ነው። ይህ መመሪያም አውታሩን የሚያየው ከመቀየሪያው ቦታና ከምልልሱ ድግግሞሽ ተነስቶ ነው።

ያለውን ጉዞ ማወቅ

የመጀመሪያው ሥራ ሰዎች አሁን ከየት ወደ የት፣ በስንት ሰዓት፣ በምን እንደሚሄዱና ለጉዞው ምን ያህል እንደሚከፍሉ ማወቅ ነው። ለዚህ ቤት ለቤት የሚደረግ የጉዞ ጥናት፣ በዋና ዋና ፌርማታዎችና መናኸሪያዎች የሚካሄድ ቆጠራ፣ እንዲሁም ተሽከርካሪዎቹ የሚሄዱበትን መንገድ ተሳፍሮ በስልክ መመዝገብ ያስፈልጋል። የሚኒባስ መስመሮች በአብዛኛው በመንግሥት መዝገብ ላይ የማይገኙ በመሆናቸው የመጨረሻው ዘዴ ትልቅ ዋጋ አለው። በናይሮቢ የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ማታቱ በሚባሉት ሚኒባሶች ተሳፍረው መንገዱንና ፌርማታውን በስልካቸው በመመዝገብ ከመቶ በላይ መስመሮችን በአንድ ካርታ ላይ እንዲወጡ አድርገዋል፤ ካርታው እ.ኤ.አ. በ2014 ይፋ ሲሆን፣ መረጃው የጉዞ መተግበሪያዎች በሚያነቡት ቅርጽ ስለተዘጋጀ ከዕቅድ አውጪው አልፎ ለተሳፋሪውም ጠቅሟል።

ቆጠራው በሥራ መግቢያና መውጫ ሰዓት ብቻ ከተወሰነ ግን ብዙ ነገር ይሰወራል። ልጇን ትምህርት ቤት አድርሳ፣ ገበያ ገብታ፣ የታመመ ዘመድ ጠይቃ የምትመለስ እናት በአንድ ቀን በርካታ አጫጭር ጉዞዎችን ታደርጋለች፤ ጉዞዎቿም በአመዛኙ ወደ መሀል ከተማ ሳይሆን ከሰፈር ወደ ሰፈር ናቸው። በሌሊት ፈረቃ የሚሠራው የሆስፒታል ሠራተኛና ጎህ ሳይቀድ ወደ አትክልት ተራ የሚወርደው ነጋዴም በዚህ ቆጠራ አይገኙም። እግረኛውም መቆጠር አለበት። በብዙ የአፍሪካ ከተሞች ትልቁን የጉዞ ድርሻ የሚይዘው የእግር ጉዞ ሲሆን፣ በጥናቱ ያልታየ እግረኛ በጀት ሲመደብም ይረሳል።

መሬቱን አስቀድሞ መያዝ

በማደግ ላይ ያለች ከተማ ከቆየች ከተማ የምትበልጥበት አንድ ዕድል አላት፤ ነገ ሰው የሚሰፍርበት መሬት ዛሬ ገና ባዶ ነው። የዋና መስመሮች ኮሪደር ቤት ከመሠራቱ በፊት በመዋቅራዊ ፕላኑ ላይ ከተከለለ፣ በኋላ ለካሳና ለወሰን ማስከበር የሚወጣው ገንዘብና የሚባክነው ዓመት ይቀራል። የብራዚሏ ኩሪቲባ በዚህ ረገድ ደጋግማ የምትጠቀሰው ያለ ምክንያት አይደለም። ከተማዋ እ.ኤ.አ. በ1974 የፈጣን አውቶቡስ መስመሯን ስትጀምር ረጃጅምና ጥቅጥቅ ያሉ ሕንፃዎች እንዲሠሩ የፈቀደችው በእነዚሁ መስመሮች ዳር ነበር፤ ስለዚህም ከተማዋ ስታድግ ዕድገቱ አውቶቡሱ ወዳለበት ሄደ። በተቃራኒው መኖሪያው በአንድ ጫፍ፣ ፋብሪካው በሌላ ጫፍ ተመርቶ በመካከላቸው አውቶቡስ ፈልጉ ቢባል፣ ጠዋት በአንድ አቅጣጫ ሞልቶ ሄዶ ባዶውን የሚመለስ መስመር ይገኛል፤ ወጪውም እጥፍ ይሆናል።

ምን ያህል ስፋት ይከለል የሚለውን በቁጥር ማየት ይሻላል። በግራና በቀኝ 4 ሜትር የእግረኛ መንገድ፣ 2 ሜትር የብስክሌት መንገድ፣ መሀል ላይ ሁለት ባለ 3.5 ሜትር የአውቶቡስ ብቻ መስመሮች፣ 4 ሜትር የመሳፈሪያ ጣቢያ፣ በእያንዳንዱ አቅጣጫ ደግሞ ሁለት ባለ 3.25 ሜትር የመኪና መስመሮች ቢታሰቡ ድምሩ 36 ሜትር ይመጣል። ያለው ቦታ 30 ሜትር ብቻ ከሆነ ከየአቅጣጫው አንድ የመኪና መስመር ሲቀነስ 29.5 ሜትር ይሆንና ሁሉም ይገባል። መጀመሪያ የሚቆረጠው የእግረኛው መንገድ ሊሆን አይገባም፤ የአውቶቡስ ተሳፋሪ ሁሉ ከመሳፈሩ በፊትም ከወረደ በኋላም እግረኛ ነውና።

መስመሮቹን መሳል

የዕቅዱ ልብ ይህ ክፍል ነው፤ ብዙ ከተሞች የሚሳሳቱትም እዚህ ላይ ነው። ነዋሪው ሁልጊዜ የሚጠይቀው ከሰፈሩ በቀጥታ የሚያደርሰው መስመር ነው፤ ጥያቄው በየሰፈሩ እየተመለሰ ሲሄድ ግን መስመሮቹ ይበዙና ለእያንዳንዱ የሚደርሰው አውቶቡስ ያንሳል። አራት ሰፈሮችና አራት መዳረሻዎች አሉ እንበል። ሁሉንም በቀጥታ ለማገናኘት 16 መስመሮች ያስፈልጋሉ፤ ባሉት አውቶቡሶች በእያንዳንዱ መስመር ላይ በየ40 ደቂቃው አንድ ብቻ ማሰማራት ይቻላል እንበል። ተሳፋሪው በአማካይ የሚጠብቀው የልዩነቱን ግማሽ፣ ማለትም 20 ደቂቃ ነው። አሁን እነዚያኑ አውቶቡሶች እያንዳንዳቸው ከአንድ ሰፈር ወደ አንድ መዳረሻ በሚሄዱና በአንድ መቀየሪያ ጣቢያ ላይ በሚገናኙ አራት መስመሮች ላይ ብቻ እናሰማራቸው፤ የመስመሮቹ ርዝመት ተቀራራቢ ከሆነ በእያንዳንዱ ላይ በየ10 ደቂቃው አንድ አውቶቡስ ይኖራል። መስመር የሚቀይረው ተሳፋሪ ሁለት ጊዜ አምስት አምስት ደቂቃ ይጠብቃል፤ በድምሩ 10 ደቂቃ ነው፤ መቀየር የማያስፈልገው ደግሞ 5 ደቂቃ ብቻ ይጠብቃል። አንድም አውቶቡስ ሳይጨመር መጠበቂያው ቢያንስ በግማሽ ቀነሰ ማለት ነው።

ይህ ስሌት ግን አንድ ቅድመ ሁኔታ አለው። ሰው ቆሞ የሚጠብቀውን ደቂቃ ተቀምጦ ከሚጓዘው ደቂቃ ይልቅ ረዥም አድርጎ ይቆጥረዋል፤ መቀየሪያው ጨለማ፣ ጭቃና ግፊያ ያለበት ከሆነም በወረቀት ላይ የተገኘው ትርፍ ሁሉ ይጠፋል። የመስመር ማሻሻያና የጣቢያ ግንባታ በአንድ ላይ መታቀድ ያለባቸው በዚህ ምክንያት ነው።

የአሜሪካዋ ሂዩስተን እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2015 የአውቶቡስ አውታሯን በሙሉ በአንድ ጊዜ በአዲስ ተክታለች፤ በአብዛኛው ወደ መሀል ከተማ ይጎርፉ የነበሩት መስመሮች እርስ በርስ በሚቋረጡና ቶሎ ቶሎ በሚመላለሱ መስመሮች ተተኩ። ያደገችና የተለያዩ የሥራ ማዕከላት ያሏት ከተማ እንዲህ ያለ የመረብ ቅርጽ ይስማማታል፤ አነስተኛ ከተማ ግን በአንድ መቀየሪያ ጣቢያ ዙሪያ ብታደራጅ ይሻላታል።

ቀጥሎ የሚመጣው የስምሪት ሒሳብ ነው። አንድ መስመር ደርሶ መልስ፣ የሾፌሩን እረፍት ጨምሮ፣ 80 ደቂቃ የሚፈጅ ከሆነና በየ10 ደቂቃው አውቶቡስ ከተፈለገ 8 አውቶቡሶች ያስፈልጋሉ፤ ለብልሽትና ለጥገና የሚያዘው መጠባበቂያ ከዚህ ውጭ ነው። መጨናነቅ ጉዞውን ወደ 100 ደቂቃ ካራዘመው ለዚያው አገልግሎት 10 አውቶቡሶች ይጠየቃሉ። በመሆኑም ሁለት ኪሎ ሜትር የተጨናነቀ መንገድ ላይ ለአውቶቡስ ብቻ የተከለለ መስመር መስጠት ሁለት አውቶቡስ፣ አራት ወይም ከዚያ በላይ ሾፌርና የዓመታት ነዳጅ ሊያድን ይችላል። የአዲስ አውቶቡስ ግዥ ጥያቄ በቀረበ ቁጥር አስቀድሞ መጠየቅ ያለበት «ያሉት የት ላይ ይቆማሉ?» የሚለው ነው።

መቀየሪያው ቦታ በቅርበት ሲታይ

ካርታ ላይ ሁለት መስመሮች ሲነካኩ መቀየር የሚቻል ይመስላል። ቦታው ላይ ሲታይ ግን ባቡሩ ከድልድይ በላይ ይቆማል፤ የአውቶቡሱ ፌርማታ ከአደባባዩ ማዶ ነው፤ ሚኒባሶቹ ደግሞ ትራፊክ ፖሊስ ስላባረራቸው ሌላ ሁለት መቶ ሜትር ርቀው ይጭናሉ። ዕቅድ አውጪው ልጅ ያዘለችና ዘንቢል የያዘች ሴት ከአንዱ በር ወደ ሌላው በር ለመድረስ ስንት እርምጃ፣ ስንት ደረጃ፣ ስንት የመኪና መንገድ እንደምታቋርጥ ራሱ በእግሩ ሄዶ መቁጠር አለበት። ደህና መቀየሪያ ማለት አንድም ዋና መንገድ ሳያቋርጡ፣ ከዝናብና ከፀሐይ ተጠልለው፣ በሁለትና በሦስት ደቂቃ የሚሻገሩበት ነው። ማታ በቂ መብራት፣ ንጹሕ መጸዳጃ፣ ለተሽከርካሪ ወንበር ተጠቃሚ መወጣጫ፣ ለማየት ለተሳናቸው በመሬቱ ላይ የሚዳሰስ ምልክት ያስፈልጉታል። ቸርቻሪዎችም ከተሳፋሪው መተላለፊያ ገለል ያለ ቦታ ይሰጣቸው፤ ቦታ ካልተሰጣቸው መተላለፊያውን ይይዙታል፣ ከተባረሩም በማግሥቱ ይመለሳሉ።

ምልልሱ በየ30 ደቂቃው ወይም ከዚያ በላይ በሆነባቸው የከተማ ዳር መስመሮች ደግሞ ሰዓትን ማገናኘት ግዴታ ነው። ሁሉም አውቶቡሶች በተመሳሳይ ሰዓት ጣቢያው ላይ ደርሰው፣ ለአምስት ደቂቃ ቆመው ተሳፋሪ ከተለዋወጡ በኋላ አብረው ይወጣሉ። ስዊዘርላንድ እ.ኤ.አ. ከ1982 ጀምሮ የባቡር የጊዜ ሰሌዳዋን በዚህ መልክ፣ በየሰዓቱ በሚደጋገም ሥርዓት አዋቅራለች፤ የገጠር አውቶቡስ እንኳ ባቡሩን ጠብቆ ይነሳል።

አንድ ታሪፍ፣ አንድ ኃላፊ

በተሳፈሩ ቁጥር እንደ አዲስ የሚከፈልበት ታሪፍ መስመር በመቀየር የተመሠረተውን አውታር ይገድለዋል፤ ድሃው ገንዘብ ለመቆጠብ ሲል ረዥሙን ቀጥታ መስመር ይመርጣልና። ሴኡል እ.ኤ.አ. ሐምሌ 1 ቀን 2004 ያደረገችው ማሻሻያ እዚህ ላይ ሊጠና ይገባል። ክፍያው በአንድ ካርድ፣ በተጓዙት ርቀት እንዲሰላና በአውቶቡስና በባቡር መካከል መቀየር ተጨማሪ የመሳፈሪያ ዋጋ እንዳያስከፍል ተደረገ፤ አውቶቡሶቹ እንደ ሥራቸው በቀለም ተለዩ፤ የግል ኩባንያዎቹም በጫኑት ሰው ልክ መኖራቸው ቀርቶ በሰጡት አገልግሎት ልክ ይከፈላቸው ጀመር። ይህ የመጨረሻው ለውጥ ከሁሉ ይበልጥ መሠረታዊ ይመስለኛል። ገቢው በጫነው ሰው ቁጥር የሚወሰን ሾፌር ለተሳፋሪ መሻማቱ፣ እስኪሞላ መቆሙ፣ ባዶ ሰዓት ላይ መጥፋቱ ከባሕርዩ ሳይሆን ከአከፋፈሉ የሚመጣ ነው። በኪሎ ሜትር ሲከፈለው ግን ሰሌዳውን ማክበር ጥቅሙ ይሆናል፤ ሰው እያለ አልፎ እንዳይሄድ የሚቆጣጠር የጥራት መለኪያና ቅጣት በውሉ ውስጥ ይግባ እንጂ።

ይህን ሁሉ የሚያስፈጽም፣ መስመር የመወሰን፣ ውል የመስጠትና ታሪፍ የማውጣት ሥልጣን ያለው አንድ ባለሥልጣን መሥሪያ ቤት ያስፈልጋል። በጀርመኗ ሃምቡርግ የተለያዩ አጓጓዦች እ.ኤ.አ. በ1965 በአንድ ማኅበር ሥር ገብተው ቀጥሎም በአንድ ትኬት ማገልገል ጀምረዋል፤ ተሽከርካሪዎቹ በየባለቤቶቻቸው ቀርተው ዕቅዱ ብቻ አንድ መሆኑ ለብዙ ከተሞች የሚሆን መንገድ ነው። ሚኒባሶችን በተመለከተ ሌጎስ እ.ኤ.አ. በ2008 የፈጣን አውቶቡስ መስመሯን ስትከፍት የትራንስፖርት ሠራተኞች ማኅበር በኅብረት ሥራ ተደራጅቶ እንዲያንቀሳቅሰው አድርጋለች፤ ጆሃንስበርግም የሚኒባስ ባለንብረቶች በአዲሱ አገልግሎት ኩባንያ ውስጥ ባለድርሻ እንዲሆኑ ተደራድራለች። ኑሯቸው የሚነካባቸው ሰዎች ከመስመሩ መሳል በፊት ጠረጴዛው ላይ መቀመጥ አለባቸው።

ተሽከርካሪው መቼ ይመረጣል?

አሁን ነው። በአንድ መስመር እጅግ በሚጨናነቀው ነጥብ በሰዓት 3,000 ሰው በአንድ አቅጣጫ የሚያልፍ ከሆነ፣ 80 ሰው በሚጭን አውቶቡስ 38 ምልልስ፣ 160 በሚጭን ተቀጣጣይ (ሁለት ክፍሉ በመታጠፊያ የተያያዘ) አውቶቡስ 19 ምልልስ ይጠይቃል፤ ሁለተኛው በየሦስት ደቂቃው ያህል መሆኑ ነው። እ.ኤ.አ. በ2000 መጨረሻ የተጀመረው የኮሎምቢያዋ ቦጎታ ፈጣን አውቶቡስ፣ ትራንስሚሌኒዮ፣ ጣቢያዎቹ ላይ መቅደሚያ መስመር ስላለው በሰዓት ከ40,000 በላይ ሰው በአንድ አቅጣጫ ማጓጓዝ ችሏል፤ ስለዚህ «አውቶቡስ አይበቃም» ከመባሉ በፊት በእርግጥ የራሱ መንገድ ተሰጥቶት እንደሆነ ይጣራ። አቀበት ላይ ለሰፈሩ ሰፈሮች ሌላዋ የኮሎምቢያ ከተማ ሜደሊን እ.ኤ.አ. በ2004 የገመድ ተሽከርካሪን ከሜትሮዋ ጋር አገናኝታ ጥሩ ውጤት አግኝታበታለች። ባቡር የሚመረጠው ፍላጎቱ ከፍተኛና ዘላቂ ሲሆን፣ እንዲሁም የመለዋወጫው፣ የኤሌክትሪኩና የጥገናው በጀት ለዓመታት ምንጩ ሲታወቅ ነው። የመኪና ማቆሚያ ክፍያና ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1975፣ ለንደንም በ2003 የጀመሩት ወደ መሀል ከተማ የመግቢያ ክፍያ ለዚህ የሚሆን ገቢ ያስገኛሉ፤ የሚጣሉት ግን አማራጩ አውቶቡስ ሥራ ከጀመረ በኋላ ይሁን።

ለትግበራው አንድ ኮሪደር መርጦ በቀለም፣ በመለያ ድንጋይና በጊዜያዊ መጠለያ መጀመር ይቻላል፤ ስህተቱ ሲታይ ለማረም ከኮንክሪት ይቀላል። ውጤቱን ለመለካት ከየሰፈሩ የተነሳ ሰው በአንድ ሰዓት ውስጥ፣ የእግሩንና የመጠበቂያውን ጊዜ ጨምሮ፣ ስንት የሥራ ቦታ፣ ስንት ክሊኒክና ስንት ትምህርት ቤት መድረስ እንደሚችል በካርታ ይሰላ። ስሌቱ በየዓመቱ ለሕዝብ ይፋ ይሁን፤ ቁጥሩ ዝቅ ያለባቸው ሰፈሮችም በቀጣዩ ዓመት የስምሪት ዕቅድ ቅድሚያ ይሰጣቸው። የጉዞ ጥናቱ በየአምስት ዓመቱ ገደማ ይደገም፤ አዲስ የመኖሪያ መንደር ሲመራም የአውቶቡሱ መስመርና ፌርማታ በቦታ ምሪቱ ሰነድ ላይ ከውኃና ከመብራት መስመሩ ጋር አብሮ ይስፈር።