በቤት የተሠራ የኤሌክትሪክ ሞዴል አውሮፕላን፦ አልነሳም ሲል፣ ሲግል፣ አየር ላይ ሲቆም

በእጃችሁ የሠራችሁት አውሮፕላን አልነሳም ሲል ቶሎ የሚመጣው ሐሳብ «ሞተሩ ተበላሽቷል፣ ሌላ ልግዛ» የሚል ነው። አብዛኛውን ጊዜ ግን ሞተሩ ደህና ነው። የሚያስቸግረው የዕቃዎቹ አለመመጣጠን ነው። ባትሪው፣ ኢኤስሲው (የሞተሩን ፍጥነት የሚቆጣጠረው ሰርኪት)፣ ሞተሩና ፕሮፔለሩ በአቅም ካልተገጣጠሙ አንዱን በአዲስ መቀየር ምንም አይፈይድም። ስለዚህ ከመግዛት በፊት ለኩ። ለዚህ መልቲሜትርና ዋት ሜትር ይበቃሉ። ዋት ሜትሩ በባትሪውና በኢኤስሲው መካከል ገብቶ ቮልት፣ አምፔርና ዋት ያሳያል። የኤሌክትሪክ አውሮፕላን ለሚሠራ ሰው ከሁለተኛ ሞተር ይልቅ ይህን መግዛት ይሻለዋል ብዬ አምናለሁ።

አንድ ነገር አደራ። ጠረጴዛ ላይ ስትፈትሹ ፕሮፔለሩን ንቀሉ። አምፔር ለመለካት ፕሮፔለሩ የግድ መኖር ስላለበት፣ ያኔ አውሮፕላኑን በደንብ እሰሩትና ከኋላው ቁሙ። ፕሮፔለሩ በሚዞርበት መስመር ጎን ለጎን ማንም እንዳይቆም።

ባትሪው ሲሰካ ኢኤስሲው ይጮሃል፣ ሞተሩ ግን አይዞርም

ኢኤስሲው የፍጥነት ማንሻው ዜሮ ላይ መሆኑን ካላረጋገጠ ሞተሩን አያስነሳም። ለደህንነት ተብሎ የተሠራ ነው። ማንሻውን እስከ ታች አውርዱ፣ ትሪሙንም (የማንሻውን ጥቃቅን ማስተካከያ) እንደዚያው። እምቢ ካለ ካሊብሬት አድርጉት (የማንሻውን ላይና ታች አስተዋውቁት)፦ ፕሮፔለሩን ንቀሉ፣ ሪሞቱን አብሩ፣ ማንሻውን እስከ ላይ ግፉ፣ ባትሪውን ሰኩ፣ ድምፁን ስትሰሙ ማንሻውን ወደ ዜሮ መልሱ። በአንዳንድ ሪሞቶች ደግሞ የዚህ ቻናል አቅጣጫ ራሱ መገልበጥ አለበት።

ምንም ድምፅ ከሌለስ? ሰርቮዎቹን (የአውሮፕላኑን መሪዎች የሚያንቀሳቅሱትን ትንንሽ ሞተሮች) በሪሞቱ አንቀሳቅሱ። እነሱ ከሠሩ ባትሪውም ሪሲቨሩም (የሪሞቱን ምልክት የሚቀበለው) ደህና ናቸው፤ ወደ ሞተሩ የሚሄዱትን ሽቦዎች ፈትሹ። እነሱም ካልሠሩ የባትሪውን ቮልት ለኩ፣ የሪሲቨሩ መሰኪያ ተገልብጦ እንዳልገባም እዩ።

ሞተሩ ይንቀጠቀጣል እንጂ አይዞርም

ብራሽለስ (ብሩሽ የሌለው) ሞተር ሦስት ሽቦ አለው። አንዱ ካላስተላለፈ ሞተሩ እዚያው ይርገፈገፋል። ብየዳውን እዩት፤ ግራጫና ሻካራ ከሆነ በደንብ አልያዘም፤ በካውያ እንደገና አግሉት። የሞተሩን ሽቦ ቆርጣችሁ ካሳጠራችሁ ደግሞ በብዙ ሞተሮች ውስጡ ያሉት ቀጫጭን ክሮች በቫርኒሽ የተሸፈኑ ናቸው። ቫርኒሹ ካልተፋቀ ብየዳው ከላይ ይለጠፋል እንጂ ኤሌክትሪክ አያልፍበትም።

በተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ከሦስቱ ሁለቱን አቀያይሩ፣ አለቀ። የባትሪውን ቀይና ጥቁር ግን እንዳትነኩ፤ ኢኤስሲው ወዲያው ይቃጠላል።

ሞተሩ በደንብ ይዞራል፣ አውሮፕላኑ ግን አይነሳም

መጀመሪያ ፕሮፔለሩን እዩ። ቁጥር የተጻፈበት ፊት ወደ በረራው አቅጣጫ መዞር አለበት። ተገልብጦም ቢሆን ይጎትታል፣ ግን በደካማው።

ቀጥሎ ዋቱን ከክብደቱ ጋር አነጻጽሩ። ለጀማሪ የሚሆን የተረጋጋ አውሮፕላን ለ1 ኪሎ ከ150 እስከ 200 ዋት ቢኖረው ጥሩ ነው። 80 ዋት ካነበባችሁ ምክንያቱ ታውቋል፤ ፕሮፔለሩ አነስተኛ ነው ወይም ባትሪው ደክሟል። ባትሪውን የሚያጋልጠው ቮልቱ ነው። ሙሉ የተሞላ ባለ 3 ሴል ሊፖ (ሊቲየም ፖሊመር) ባትሪ 12.6 ቮልት ይላል። ሙሉ ፍጥነት ስትሰጡት ወዲያው ከ10 ቮልት በታች ከወረደ ባትሪው አቅም የለውም።

ሞተሩ ወይም ኢኤስሲው ይግላል

ብዙ ዕቃ የሚቃጠለው እዚህ ላይ ስለሆነ ትንሽ እንቆይበት።

ሞተሩ ላይ የተጻፈው ኬቪ ያለ ጭነት በ1 ቮልት በደቂቃ ስንት ዙር እንደሚዞር ይናገራል። 1000 ኬቪ ሞተር በ11.1 ቮልት ወደ 11,000 ዙር ይጠጋል። ትልቅ ፕሮፔለር ስትገጥሙለት ሞተሩ «ከበደኝ» ብሎ አይተውም። ዙሩን ላለመልቀቅ ተጨማሪ አምፔር ይስባል፤ እስኪቃጠል ድረስ። ጭማሪው ደግሞ ከሚጠበቀው በላይ ነው። ዙሩ ሳይቀየር ከ10 ኢንች ወደ 11 ኢንች ብትሄዱ የሚፈለገው ኃይል በግማሽ ገደማ ወይም ከዚያ በላይ ይጨምራል። ያንኑ ፕሮፔለር ይዛችሁ ከ3 ሴል ወደ 4 ሴል ከዘለላችሁም ኃይሉ ከእጥፍ ሊበልጥ ይችላል።

መፍትሄው ቀላል ነው። ባትሪውን ሙሉ ሞልታችሁ፣ ለጥቂት ሰከንድ ሙሉ ፍጥነት ሰጥታችሁ አምፔሩን አንብቡ። ኢኤስሲው 30 አምፔር ከሆነ ንባቡ ከ24 ወይም 25 ባይበልጥ ይመረጣል። የሞተሩንም ገደብ እዩ። ካለፈ ፕሮፔለሩን በ1 ኢንች ቀንሱ፣ ወይም ፒቹን (በአንድ ዙር ወደፊት ሊሄድ የሚገባውን ርቀት) ዝቅ አድርጉ። 9 በ6 የሚለው ጽሑፍ የመጀመሪያው ዲያሜትር፣ ሁለተኛው ፒች ነው፤ ሁለቱም በኢንች።

አምፔሩ ልክ ሆኖም ቢግል አየር አጥቷል ማለት ነው። ከፊት ቀዳዳ ክፈቱ፣ አየሩ የሚወጣበትን የኋላውን ደግሞ ከፊተኛው አስፉት። ኢኤስሲውን በስፖንጅ መጠቅለል ደግሞ ማፈን ነው። ሙቀቱን ችላ አትበሉ፤ የሞተሩ ማግኔቶች ከልክ በላይ ከጋሉ ጉልበታቸውን ያጣሉ፣ ሲቀዘቅዙም አይመለስላቸውም።

አየር ላይ ሞተሩ ይቆማል፣ መሪዎቹ ግን ይታዘዛሉ

ኢኤስሲው የባትሪው ቮልት ስለወረደ ሞተሩን ቆርጦታል። ማንሻውን ወደ ዜሮ መልሳችሁ ቀስ ብላችሁ ስትሰጡት ከተነሳ ይኸው ነው። እያንሳፈፋችሁ አሳርፉት። ገና በመጀመሪያዎቹ ደቂቃዎች ከሆነ ግን ባትሪው የሚጠየቀውን መስጠት አልቻለም። ካረፈ በኋላ እያንዳንዱን ሴል ለብቻው ለኩ። ሁለቱ 3.7 ሆነው አንዱ 3.3 ካለ ያ ባትሪ ለበረራ አይታመንም። በተረፈ ሰዓት ቆጣሪ አስቀምጡና ከባትሪው አቅም 80 በመቶውን ብቻ ተጠቀሙ።

አየር ላይ ሁሉም ነገር በአንድ ጊዜ ይጠፋል

ይህ ከሁሉም የከፋው ነው። ለሪሲቨሩና ለሰርቮዎቹ 5 ቮልት የሚሰጠው ቤክ የሚባለው ክፍል ነው፤ ብዙ ጊዜ ኢኤስሲው ውስጥ ይገኛል። ሊኒየር የሚባለው ዓይነት ከሆነ ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት ይቀይረዋል። 12.6 ቮልት ወደ 5 ሲወርድ፣ ሰርቮዎቹ 1 አምፔር ቢስቡ 7.6 ዋት ሙቀት ነው። አራት ሰርቮ ካላችሁ፣ አንዱም ዘንጉ ተጣብቆ የሚታገል ከሆነ፣ ቤኩ ይዘጋል። ስዊቺንግ ቤክ (ትርፉን ቮልት ወደ ሙቀት በመቀየር የማይሠራውን ዓይነት) ለብቻው ግጠሙ፤ ያኔ ከኢኤስሲው ወደ ሪሲቨሩ የሚሄደውን ቀይ ሽቦ ማውጣት አትርሱ።

ቤኩ ደህና ከሆነ አንቴናውን እዩ። ሁለቱ የ2.4 ጊጋኸርዝ ጫፎች እርስ በርስ በ90 ዲግሪ፣ ከባትሪና ከካርቦን ራቅ ብለው ይቀመጡ።

ፍጥነት ሲሰጠው አፍንጫውን ያነሳል

ሞተሩን ዘግታችሁ አንሳፍፉት። ሲንሳፈፍ ልክ ከሆነ ሞተሩን 2 ወይም 3 ዲግሪ ወደ ታች አዘንብሉት። ሲንሳፈፍም አፍንጫውን የሚያነሳ ከሆነ ጭራው ከብዷል። ቀጥ ላለ ክንፍ ሚዛኑ (የአውሮፕላኑ የክብደት ማዕከል) ከፊተኛው ጠርዝ ከክንፉ ስፋት ከ25 እስከ 33 በመቶ ላይ ይሁን። ክብደት ከመጨመር በፊት ባትሪውን ወደፊት ግፉት።

ባትሪው አብጧል

አይጠገንም። ቻርጀር ላይ አታስቀምጡት፣ አትብሱትም፤ እሳት ሊነሳ ይችላል። ከቤት ውጭ፣ እሳት በማይይዘው ዕቃ ውስጥ አቆዩትና ባትሪ ለሚሰበስቡ ስጡት። በሚተካው ላይ እንዳይደገም ለሳምንት የማትበሩ ከሆነ በሴል 3.8 ቮልት ገደማ ላይ አስቀምጡት፣ ከበረራ ወርዶ እንደጋለም አትሙሉት።