ካቢን ውስጥ እንግዳ ሽታ ሲሸትዎ

በአብዛኞቹ ጄት አውሮፕላኖች በረራ ላይ የሚተነፈሰው አየር ከሞተሩ ኮምፕረሰር (አየር መጭመቂያ) ተጠልፎ፣ በማቀዝቀዣው በኩል አልፎ ነው ካቢን የሚደርሰው። መሬት ላይ ሲቆም ይህን ሥራ ብዙ ጊዜ ጅራቱ ውስጥ ያለችው ትንሽ ሞተር፣ ኤፒዩ፣ ትሠራለች። ቦይንግ 787 ከዚህ ይለያል፤ የውጭውን አየር የሚስበው በኤሌክትሪክ በሚሠራ መጭመቂያ ነው።

የሞተሩ ዘይት ማገጃውን አልፎ ካመለጠ፣ ግለቱ አትንኖት ከአየሩ ጋር ወደ ካቢን ይመጣል። ማገጃዎቹ ዘይቱን የሚይዙት በአየር ግፊት እየታገዙ ስለሆነ፣ ሽታው የሚበረታው ጉልበት በሚቀየርባቸው ጊዜያት ነው፦ ሞተር ሲነሣ፣ ለመነሣት ጉልበት ሲጨመር፣ ለመውረድ ሲቀነስ። የካቢኑን አየር የሚያጣራው ሄፓ ፊልተር ያድነናል ማለት ስሕተት ነው። 0.3 ማይክሮን የሚያህለውን ቅንጣት 99.97 በመቶ ያስቀራል፤ ጋዝና ትነት ግን ያልፉታል። በዚያ ላይ የሚያጣራው ካቢን ውስጥ ተመልሶ የሚዞረውን አየር እንጂ ከሞተር በቀጥታ የሚመጣውን አይደለም።

በአብዛኞቹ አውሮፕላኖች ይህን ትነት ለይቶ የሚናገር መሣሪያ የለም። ያለው አፍንጫ ነው፤ እሱም በደቂቃዎች ውስጥ ይለምድና ዝም ይላል። ስለዚህ ሽታው እንደመጣ ሰዓቱን ይጻፉ፤ በኋላ ላስታውስ ማለት አያዋጣም።

የሽታው ዓይነት ምንጩን ይጠቁማል። የቆሸሸ ካልሲ ወይም የረጠበ ውሻ የሚመስለው የሞተር ዘይት ነው። ጣፋጭ ሽታ፣ በተለይ በረዶ ማቅለጫ ከተረጨ በኋላ፣ የማቅለጫው ፈሳሽ፣ የግላይኮል፣ ነው፤ ብዙ ጊዜ ቶሎ ያልፋል። የሚቆጠቁጥና ጉሮሮ የሚከረክር ከሆነ ሃይድሮሊክ ዘይት (የአውሮፕላኑን ክፍሎች በግፊት የሚያንቀሳቅሰው ፈሳሽ) ይጠረጠራል። ተርታ ይዞ በሚቆምበት ጊዜ የሚመጣ የኬሮሲን ሽታ አብዛኛውን ጊዜ ከፊት ካለው አውሮፕላን ጭስ ነው። የተቃጠለ ፕላስቲክ ግን ሌላ ጉዳይ ነው፤ ወዲያው አስተናጋጅ ይጥሩ። ስልክዎ ወንበር ውስጥ ገብቶ ከሆነም ወንበሩን አያንቀሳቅሱ፤ ባትሪው ተጨፍልቆ ሊቀጣጠል ይችላል።

ለአስተናጋጇ «ይሸታል» ብቻ ማለት አይጠቅምም። መካኒኩ መሬት ላይ ሞተሩን በዝቅተኛ ጉልበት አስነሥቶ ምንም ሳይሸተው «ችግር አልተገኘም» ብሎ ሊፈርም ይችላል። እንዲህ ያለ ማስታወሻ ግን ሥራ ያስጀምረዋል፦ «07:42፣ መውረድ እንደጀመርን፣ ከ12ኛው እስከ 20ኛው ረድፍ፣ የካልሲ ሽታ፣ 4 ደቂቃ፣ ጭስ የለም፣ 2 አስተናጋጆች ራሳቸውን አመማቸው»። ቦታው የሚጻፈው አየሩ በየትኛው መስመር እንደመጣ ስለሚጠቁም ነው። ካፒቴኑም ወዲያው ይነገረው፤ የቴክኒክ መዝገቡ ላይ ካልሰፈረ ለመካኒኩ እንዳልተፈጠረ ይቆጠራል።

ራስዎን ለመከላከል የሚቻለው ጥቂት ነው። የቀዶ ሕክምና ጭምብልም ሆነ እርጥብ ጨርቅ ትነት አያቆምም። የከሰል ማጣሪያ ያለው ጭምብል የዘይት ትነትን በከፊል ይቀንሳል፣ ሽታ የሌለውን መርዛማ ጋዝ፣ ካርቦን ሞኖክሳይድን፣ ግን አይነካም። ከላይ የሚወርደው የኦክስጅን ጭምብልም የካቢኑን አየር ስለሚቀላቅል ለጭስ አልተሠራም፤ ፓይለቶቹ የራሳቸውን ጭምብል በንጹሕ ኦክስጅን ላይ አድርገው የሚያጠልቁት ለዚህ ነው። ራስዎን ካዞረዎ ወይም ካቅለሸለሸዎ የሚንቀሳቀሰውን የኦክስጅን ጠርሙስ ይጠይቁ።

ከወረዱ በኋላ ሕመሙ ካልለቀቀ በዚያው ቀን፣ ቢቻል በመጀመሪያዎቹ ሰዓታት፣ ሐኪም ዘንድ ይሂዱና የደም ካርቦክሲሄሞግሎቢን (ደሙ የያዘው የካርቦን ሞኖክሳይድ መጠን) ምርመራ ይጠይቁ። ተራ አየር ሲተነፍሱ መጠኑ ከ4 እስከ 5 ሰዓታት ውስጥ በግማሽ ይወርዳል፤ ኦክስጅን ከተሰጠዎ ደግሞ ከዚያ በጣም ይፈጥናልና መቼና ለምን ያህል ጊዜ እንደወሰዱ ለሐኪሙ ይንገሩ። ጣት ላይ የምትሰካው የደም ኦክስጅን መለኪያ 98 በመቶ ብታሳይ አያረጋጋዎ፤ ተራዋ መሣሪያ ካርቦን ሞኖክሳይድ የያዘውን ደም ኦክስጅን ከያዘው አትለየውም።