መስታወት መንፋትን በሰመር ወርክሾፕ ለመማር ለምታስቡ

የምኖረው ሲያትል ነው። እንጀራዬ የጥርስ ላብራቶሪ ውስጥ ነው፤ ቀኑን ሙሉ ከትንንሽ ምድጃዎችና ከፖርሴሊን ጥርሶች ጋር እውላለሁ። ልቤ ግን መስታወት ላይ ነው። ሰመር ሲመጣ ወይ ተማሪ ወይ ረዳት ሆኜ ወርክሾፕ እገባለሁ። የሚያውቁኝ ሐበሾች «እንዴት ነው የሚገባበት? ሳንባ አይጨርስም ወይ?» ይሉኛል። መልሱን አንድ ቦታ ላስቀምጠው ብዬ ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ ዋናውን ልንገራችሁ። አንድ ወይም ሁለት ሳምንት የምትሄዱት የሚያምር ዕቃ ይዛችሁ ለመመለስ ከሆነ፣ ገንዘባችሁን አታውጡ። የአበባ ማስቀመጫ ከመማር መግዛቱ ይረክሳል። የምትከፍሉት እጃችሁን ለማሠልጠን ነው። ይህን አምኖ የገባ ሰው በሁለት ሳምንት የሚለወጠው ለውጥ ያስገርማል።

ደግሞም ይህ ጥበብ ከፋብሪካ ወጥቶ በግለሰብ እጅ የገባው ራሱ በአጭር ወርክሾፕ ነው። እ.ኤ.አ. በ1962 ሃርቪ ሊትልተን የሚባል የሸክላ ሥራ መምህር ኦሃዮ ውስጥ በቶሊዶ የሥነ ጥበብ ሙዚየም ግቢ ትንሽ እቶን ተክሎ ሰው ሰበሰበ። መጀመሪያ ያቀለጡት አልሆነላቸውም። ከዚያ ዶሚኒክ ላቢኖ የሚባል የመስታወት ተመራማሪ ለፋይበርግላስ የሚሠሩ የመስታወት ብይዎችን አምጥቶ እነሱ ቀለጡ። በ1971 ደግሞ የመስታወት አርቲስቱ ዴል ቺሁሊ ገንዘብና መሬት ከሰጡት ከሐውበርግ ባልና ሚስት ጋር ከሲያትል በስተሰሜን፣ ስታንዉድ አጠገብ ጫካ ውስጥ ፒልቸክን መሠረተ። እስከ ዛሬ ሰው ከየአገሩ የሚመጣበት ትምህርት ቤት ነው። ኒውዮርክ ግዛት ውስጥ የኮርኒንግ የመስታወት ሙዚየም ስቱዲዮ አለ፤ የአንድ ሳምንት ኮርሶች ይሰጣል። አውሮፓ ላላችሁ፣ ጀርመን ባቫሪያ ውስጥ ፍራውናው የሚባል የመስታወት ከተማ አለ፤ እዚያ ቢልድ-ቬርክ የሰመር አካዳሚ ያዘጋጃል።

ከመመዝገባችሁ በፊት የትኛውን ሥራ እንደምትፈልጉ እወቁ። ብዙ ሐበሻ መስታወት ሲባል ትዝ የሚለው አዲስ አበባ፣ አፍሪካ አዳራሽ ያለው የአፈወርቅ ተክሌ ሥራ ነው፤ 150 ካሬ ሜትር የሚሆነው፣ የአፍሪካን ያለፈ ሐዘን፣ ትግልና ተስፋ የሚያሳየው። ልባችሁን የነካው እሱ ከሆነ መፈለግ ያለባችሁ የባለቀለም መስኮት ኮርስ ነው። እዚያ የምትማሩት መስታወት በልክ መቁረጥ፣ በእርሳስ ዘንግ ማያያዝና መበየድ ነው። ቤት ውስጥ ጠረጴዛ ላይ ልትቀጥሉት ትችላላችሁ። ጨሌና ጌጥ የሚወድ ሰው የቶርች ኮርስ ይግባ፤ እዚያ የመስታወት ዘንግ ጠረጴዛ ላይ በጋዝ ነበልባል እየቀለጠ ይሠራል። የመስታወት ቁራጮችን ደርድሮ ምድጃ ውስጥ ማጣበቅ ደግሞ ሌላ ነው፤ 800 ዲግሪ ሴልሺየስ አካባቢ ይዋሃዳሉ። ለዚህ አንድ ሕግ ብቻ ያዙ፦ 90 የተጻፈበትን መስታወት 96 ከተጻፈበት ጋር አታቀላቅሉ። ቁጥሩ ሲሞቅ ምን ያህል እንደሚሰፋ ነው የሚናገረው። የማይመሳሰሉ ሁለት መስታወቶች ተጣብቀው ሲቀዘቅዙ ይሰነጠቃሉ።

እኔ የማውቀው መንፋቱን ስለሆነ ከዚህ በኋላ ስለ እሱ ነው።

ቀጥታ ወደ ሁለት ሳምንቱ አትዝለሉ። መጀመሪያ ከተማችሁ ውስጥ አጭር የጀማሪ ኮርስ ውሰዱ። ሲያትል ላለነው ፕራት የሥነ ጥበብ ማዕከል አለ። ሴንትራል ዲስትሪክት ነው፣ የእኛ ሰው ምግብ ቤቶች ያሉበት ሰፈር። ሙቀቱን እዚያ ትቀምሱታላችሁ። ካልወደዳችሁት ብዙ ገንዘብ ሳይወጣ ይቀራል። ገና ለመወሰን የምታመነቱ ከሆነ ታኮማ የመስታወት ሙዚየም ሂዱና ባለሙያዎቹ ሲሠሩ ቁጭ ብላችሁ ተመልከቱ። ዓይናችሁ መስታወቱ ላይ ብቻ አይቅር፤ እግራቸውን እዩ። ማን መቼ እንደሚነሳ፣ ማን የማሞቂያውን ምድጃ በር እንደሚከፍት እዩ። ማመልከቻና የስኮላርሺፕ ጥያቄ ብዙውን ጊዜ የሚያልቀው ገና በብርዱ ወራት ነው፤ ሰመር ሲደርስ ማሰብ የጀመረ ሰው ዘግይቷል። ስኮላርሺፕ ለሌላ ሰው ነው ብላችሁም አትተዉት፣ ጠይቁ።

ልብስ ጥጥ ይሁን። ፖሊስተር ቆዳ ላይ ይቀልጣል። ጫማ የተሸፈነ፣ ፀጉር የታሰረ፣ ቀለበትና አምባር የወለቀ። መነጽር ሁልጊዜ። ውሃ ሳይጠማችሁ ጠጡ፣ ጨው ያለበት ነገርም ብሉ።

ስለ ጾም ሳልናገር አላልፍም። ፍልሰታ ነሐሴ ውስጥ ስለሚውል ከሰመር ኮርሶች ጋር ይገጥማል። የጾም ምግቡ አያስቸግርም፤ ለወጥ ቤቱ ቀድማችሁ ከነገራችሁ ያለ ሥጋና ወተት ያበስሉላችኋል። ችግሩ እስከ ከሰዓት እህል ውሃ ሳይቀምሱ እቶን ፊት መቆም ነው። አናት ይዞራል፣ እጃችሁ ላይ ደግሞ እሳት አለ። ከፍልሰታ በፊት ያለውን ኮርስ ምረጡ። ካልተቻለ ከነፍስ አባታችሁ ጋር ተነጋገሩ።

አሁን ሆት ሾፕ፣ ማለትም እቶኑ ያለበት የመንፊያ ክፍል፣ ገባን። እቶኑ ውስጥ ያለው መስታወት 1,150 ዲግሪ ገደማ ነው። የመንፊያውን ብረት ጫፍ አሙቃችሁ ታስገባላችሁ፣ ላዩን ትነካላችሁ፣ እያዞራችሁ ትጠቀልላላችሁ። ከዚያች ቅጽበት ጀምሮ ማዞር የለም የሚባልበት ጊዜ የለም። እንደ እንዝርት ነው፤ ሲቆም ሥራው ይበላሻል። መስታወቱ ወደ መሬት ያዘነብላል፣ መሃሉን ይስታል። ስለ ሳንባ ለምትጠይቁኝ መልሱ እዚህ ላይ ነው። ትንፋሹ ጥቂት ነው። በቀስታ ትነፋላችሁ፣ የብረቱን ቀዳዳ በአውራ ጣት ትዘጋላችሁ፣ ውስጥ የታፈነው አየር ሞቆ ሲሰፋ አረፋውን ራሱ ይከፍተዋል። የሚደክመው ሳንባ ሳይሆን ግራ እጅና ወገብ ነው። ስለዚህ ከኮርሱ ወር ቀደም ብላችሁ ቤት ውስጥ የመጥረጊያ እንጨት በጣቶቻችሁ ማሽከርከር ተለማመዱ። ሳትንቀጠቀጡ፣ ሳትቸኩሉ፣ ቴሌቪዥን እያያችሁም ቢሆን።

ከዚያ ቅርጽ ይመጣል። መስታወቱን በውሃ በራሰ የቼሪ እንጨት ጭልፋ ታቅፉታላችሁ፤ እንፋሎቱ ቡልቅ ይላል። ወይም የራሰ ጋዜጣ አጣጥፋችሁ በመዳፍ ትይዙታላችሁ። በእርጥብ ወረቀት ብቻ ተለይታችሁ የጋለ መስታወት ስትዳስሱ የሚሰማው ነገር ሌላ ነው። ለእኔ የዚህ ሥራ ትልቁ ደስታ ያ ነው። ቀጥሎ ጃክስ በሚባለው ባለ ሁለት ምላስ ብረት አንገቱን ታጠብቡታላችሁ። አንገቱ በደንብ ካልጠበበ፣ ኋላ ላይ ከመንፊያው ብረት አይላቀቅም። የታችኛው በኩል ላይ ሌላ ብረት፣ ፖንቲል፣ ይጣበቃል። አንገቱ ላይ ጠብታ ውሃ፣ ብረቱን ቀስ አድርጎ መታ፣ ይላቀቃል። አሁን አፉ ተከፈተ፤ ታሞቃላችሁ፣ ታሰፋላችሁ። ሲያልቅ 480 ዲግሪ አካባቢ ያለ ማቀዝቀዣ ምድጃ ውስጥ ይገባል፣ እስከ ማግስቱም ቀስ እያለ ይበርዳል። ውጪ ቢቀር ላዩ ቶሎ ይቀዘቅዛል፣ ውስጡ ይዘገያል፣ በዚያ ጉተታ ይፈነዳል።

ምክሬ፦ ከመጀመሪያው ቀን አንድ ቅርጽ ምረጡ፣ ቀጥ ያለ ተራ ኩባያ፣ እሱኑ ደጋግሙ። ቀለም አትጨምሩ፤ ቀለም ጥፋትን ይሸፍናል። ከዚያ አስተማሪውን አስፈቅዳችሁ ከሠራችኋቸው አንዱን በአልማዝ መጋዝ ለሁለት ክፈሉት። ታቹ ወፍሮ ከንፈሩ ሳስቶ ከሆነ፣ የት ላይ አብዝታችሁ እንዳሞቃችሁ ግድግዳው ራሱ ያሳያችኋል። የትኛውም ማብራሪያ ይህን ያህል አያስተምርም። ስትቆርጡና ስትሞርዱ ግን ውሃ እየፈሰሰበት ይሁን፤ የመስታወት ደረቅ አቧራ ሳንባ ይጎዳል።

ተራችሁ እስኪደርስ ስልክ አትንኩ። ለሌላው ረዳት ሁኑ። በር ክፈቱ፣ ክንዱን ከሙቀት በእንጨት ጋርዱለት፣ እሱ ሲቀርጽ እናንተ ንፉለት። መስታወት የቡድን ሥራ ነው። ቺሁሊ በ1968 ቬኒስ አጠገብ ወዳለችው የመስታወት ሠሪዎች ደሴት፣ ሙራኖ፣ ሄዶ ያየውና ወደ አሜሪካ ያመጣው ይህንኑ ነው። ሊኖ ታሊያፒዬትራ የተባለው የሙራኖ ጌታ በ1979 ፒልቸክ መጥቶ ሲያስተምር፣ ያካፈለው ደሴቲቱ ለዘመናት ከውጭ ሰው ስትደብቀው የኖረችውን ጥበብ ነው። በመርዳት የተማርኩት ራሴ ነፍቼ ከተማርኩት ይበልጣል።

አደጋን በተመለከተ፦ የሚያስፈራው ቀይ የሆነው መስታወት አይደለም። 400 ዲግሪ ላይ ያለ መስታወት ቀዝቃዛ ይመስላል። መሬት የወደቀ ነገር አታንሱ፣ የሚወድቀውንም ለመቅለብ አትሞክሩ። ከሰው ጀርባ ስታልፉ ድምፅ አሰሙ። የተቃጠለ እጅ 20 ደቂቃ የሚፈስ የቧንቧ ውሃ ሥር ይቆይ፤ ቅቤም የጥርስ ሳሙናም አትቀቡት።

በመጨረሻው ቀን ወፍራም ነገር አትሥሩ። ወፍራም መስታወት ለመብረድ ቀናት ይፈልጋል፣ መኪናው ግን አይጠብቃችሁም። ከመሄዳችሁ በፊት ከከተማችሁ የመጣ አንድ ሰው ፈልጋችሁ ስልክ ተለዋወጡ። ሆት ሾፕ በሰዓት ይከራያል፣ ዋጋውም ለብቻ ይከብዳል፤ ብቻችሁንም ብትሆኑ በሩን የሚከፍትላችሁ የለም። በተመለሳችሁ በሁለት ሳምንት ውስጥ ዋጋውን ለሁለት ተካፍላችሁ ተከራዩና ያንኑ ኩባያ እንደገና ሥሩ።