ትንሽ ለውጥ አዲስ ዝርያ ይወልዳል? በክርክሩ ውስጥ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሱሉልታ ውስጥ ባዮሎጂ አስተምራለሁ። የዝግመተ ለውጥ ምዕራፍ ላይ በደረስን ቁጥር ክርክሩ ከክፍል ወጥቶ መምህራን ቡና ወደምንጠጣባት የቆርቆሮ ቤት ይከተለኛል። ጥያቄው በየዓመቱ ያው ነው፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ ጥቃቅን ለውጥ መኖሩን ሁሉም ይቀበላል፤ ያ ለውጥ ግን አዲስ ዝርያ ማስገኘት ይችላል ወይ? እኔ ይችላል ከሚሉት ነኝ። ሆኖም በዚያች ቤት የምሰማቸው ስህተቶች የአንድ ወገን ብቻ አይደሉም፤ የእኔው ወገን የሚሠራቸውም አሉ።

ከሁሉ የሚብሰው ገና ከቃሉ ይጀምራል። የግብርና ባለሙያ «አዲስ የስንዴ ዝርያ ተለቀቀ» ሲል ምርቱ ከፍ ያለ ወይም በሽታ የሚቋቋም ስንዴ ማለቱ ነው፤ ስንዴነቱ አልተለወጠም። በባዮሎጂ ዝርያ ሲባል ግን፣ ባዮሎጂስቱ ኤርንስት ማየር እ.ኤ.አ. በ1942 ባስፋፋው ትርጉም፣ እርስ በርሱ የሚራባና ከሌላው ጋር በተፈጥሮ የማይዳቀል ወገን ማለት ነው። አማርኛችን ለሁለቱም አንድ ቃል ስለሰጠ፣ ተከራካሪዎቹ በአንድ ቃል ሁለት ነገር ሲያወሩ ይውላሉ።

ወተት የምንገዛቸው እናት ባለፈው ሰሞን አንዲት ጥጃ አሳዩኝ። ጥቁርና ነጭ ዥጉርጉር ናት፤ ከእናቷ ሻኛ ጥቂት ቀርቶባታል። «መምህር፣ እናቷ ሀበሻ፣ አባቷ ፈረንጅ፤ አዲስ ዝርያ ማለት እንግዲህ ይቺ አይደለችም?» አሉኝ። «በገበያ ቋንቋ ናት፣ እናቴ» አልኳቸው፤ «ነገር ግን አድጋ ከሀበሻውም ከፈረንጁም ኮርማ ትወልዳለች። ወገኗ ገና አልተለየም።»

አጥሩ ማዶ ድርቆሽ ተጭና የቆመችው በቅሎ ታሪኳ ሌላ ነው። አባትሽ ማነው ቢሏት «እናቴ ፈረስ ናት» ብላ ያመለጠችው እሷ ናት፤ ሕዋሷ ግን አባቷን አይደብቅም። ፈረስ 64 ክሮሞሶም (በሕዋስ ውስጥ ውርስን የሚሸከም ክር) አለው፣ አህያ 62፣ በቅሎ 63። የመራቢያ ሕዋስ ሲሠራ ክሮሞሶሞቹ በትክክል መጣመር ስለማይችሉ በቅሎ ትመክናለች፤ ወልዳ ተገኘች ከተባለም እጅግ ብርቅ ነው። ስለዚህ ፈረስና አህያ ሁለት ዝርያዎች ናቸው፤ በቅሎ ግን ራሷን መተካት ስለማትችል ሦስተኛ ዝርያ አትባልም። አሁን በዓይናችሁ አወዳድሩ። የፈረንጇና የሀበሻዋ ላም በመልክ ከአንዳንድ የቅርብ ዘመድ ከሆኑ የዱር ዝርያዎች ይበልጥ ይራራቃሉ፤ ሆኖም ያለችግር ይዋለዳሉ። «ለውጡ ትንሽ ነው ወይስ ትልቅ?» እያሉ መልክን መለካት የሚያሳስተው እዚህ ላይ ነው። መጠየቅ ያለበት መዋለዱ ተቋርጧል ወይ ተብሎ ነው።

«ላም አህያ ስትወልድ ያየ አለ?» የሚለው ደግሞ የየዓመቱ ቀልድ ነው። የለም። ቢኖር ኖሮ እንዲያውም ዝግመተ ለውጥን የሚያፈርስ ማስረጃ ይሆን ነበር፤ ትምህርቱ የሚለው ማንኛዋም እናት የራሷን ዓይነት እንደምትወልድ ነው። ቋንቋችንም እንዲሁ ነው፤ በ14ኛው ክፍለ ዘመን ለዐፄ ዐምደ ጽዮን የተገጠሙትን የአማርኛ ግጥሞች ዛሬ ያለ ሊቅ እርዳታ የሚያነብ ጥቂት ነው። ከዚያ ወዲህ ግን የልጁ አማርኛ ያልገባው አባት፣ የአባቱ አማርኛ ያልገባው ልጅ አልተገኘም።

ወደ እኔ ወገን ልምጣ። «ጊዜ ስጠው እንጂ ሁሉም ይሆናል» የሚለው መልስ ሰነፍ መልስ ነው። ጊዜ ብቻውን ምንም አይለይም፤ የሚዋለድ ሕዝብ ለውጡን እየተካፈለ አብሮ ይሄዳል። መሐል ገብቶ መዋለዱን የሚያቋርጥ አጥር ያስፈልጋል። ከቤቴ ጀርባ ባሕር ዛፍ ላይ ጠዋት ጠዋት የሚጮኸው ቁራ መንቆሩ ጠገራ የሚያህል፣ ማጅራቱ ነጭ፣ ከአፍሪካ ቀንድ ውጭ የማይኖር ነው። የቅርብ ዘመዱ፣ እሱም ነጭ ማጅራት ያለው ቁራ፣ ከምሥራቅ እስከ ደቡብ አፍሪካ ተራራማ ቦታዎች ይኖራል፤ በሁለቱ መካከል ሰፊ ቆላ ተዘርግቷል። ጣናን ደግሞ ተመልከቱ። የጢስ ዓባይ ፏፏቴ ከታች ያለውን ዓሣ ወደ ላይ አያሳልፍም፤ ከፏፏቴው በላይ፣ በሐይቁ ውስጥ፣ አጥኚዎች ወደ 15 የሚሆኑ የባርበስ ዝርያዎችን ለይተዋል። ግማሽ ያህሉ ሌላ ዓሣ እያደኑ የሚኖሩ ናቸው።

አጥሩ ደግሞ በአንድ ሌሊት አይታጠርም፤ ይህን የሚረሱ «ድንበሩን አሳየኝ» እያሉ ያፋጥጣሉ። አዋሽ ብሔራዊ ፓርክ አካባቢ ሁለት የዝንጀሮ ዝርያዎች ይገናኛሉ፤ የአንደኛው ወንዶች ብርማ ካባ የደረቡ ይመስላሉ። ይዳቀላሉ፣ ዲቃሎቹም ይወልዳሉ፤ ከመገናኛው ራቅ ሲሉ ግን ሁለቱም እንደየራሳቸው አሉ። ሁለት ዝርያ ወይስ አንድ የሚለው ክርክር ባለሙያዎቹን ዛሬም ያነጋግራል። ለእኔ ይህ የትምህርቱ ጉድለት ሳይሆን ግማሽ የታጠረ አጥር በዓይን ማየት ነው።

ሌላው ስህተት አጭር ነው። «ማይክሮ» (በአንድ ዝርያ ውስጥ ያለ ትንሽ ለውጥ) እና «ማክሮ» (ከዝርያ ያለፈ ትልቅ ለውጥ) ዝግመተ ለውጥ የሚሉት ቃላት የእምነት ሰዎች ፈጠራ አይደሉም። እ.ኤ.አ. በ1927 የፈጠራቸው ሩሲያዊው ባዮሎጂስት ዩሪ ፊሊፕቼንኮ ነው፤ እሱ ራሱ ትንሹ ትልቁን ያስገኛል ብሎ አያምንም ነበር። ከእሱ ጋር ይሠራ የነበረው ቴዎዶሲየስ ዶብዣንስኪ እ.ኤ.አ. በ1937 ወደ እንግሊዝኛ አስገባቸውና የተቃራኒውን ወገን ያዘ። ዶብዣንስኪ ኦርቶዶክስ ክርስቲያን ነበር፤ ይህን ስናገር ቡና ቤቷ ለአፍታ ጸጥ ትላለች። የቅሪተ አካል ተመራማሪዎቹ ኤልድሬጅና ጉልድ፣ ዝርያ ለረጅም ጊዜ ሳይለወጥ ቆይቶ በአንጻሩ በአጭር ጊዜ ይለወጣል ሲሉ እ.ኤ.አ. በ1972 ያነሱትን ሙግት «ሳይንቲስቶቹ ራሳቸው ካዱት» እያሉ መጥቀስም ያው ስህተት ነው። ሰዎቹ የተከራከሩት በለውጡ ፍጥነት ላይ ነው።

የመጨረሻው ስህተት የእኛ የመምህራን ነው፤ አዲስ ዝርያ ሁልጊዜ ቀስ በቀስ ይመጣል ብለን እናስተምራለን። ባለፈው ሳምንት የፊዚክስ መምህሩ ስኒውን እንደያዘ ነገርኩት። ሮቡስታ የሚባለው ቡና 22 ክሮሞሶም አለው፤ ዩጂኒዮይደስ የሚባለው የዱር ቡናም 22። ሁለቱ ተዳቅለው የየወላጃቸውን ክሮሞሶም ሙሉ በሙሉ የያዘ፣ 44 ያለው ተክል ተገኘ፤ እሱም የእኛው አረቢካ ነው። በመልክ ከወላጆቹ ብዙም አልራቀም፤ ከእነሱ ጋር ቢዳቀል ግን የሚገኘው በአብዛኛው መካን ነው። አጥሩ የታጠረው እዚያው ተክሉ ውስጥ ነበር።

«ታዲያ ይሄ ትንሽ ለውጥ ነው ትልቅ?» አለኝ፣ ስኒውን እያገላበጠ። ቶናው ገና አልቀረበም ነበርና ከበቅሎዋ ጀመርኩለት።