በካንሰር የታመሙ ሕፃናት የረጅም ጊዜ ዕድሜ ሲሰላ ሊወገዱ የሚገባቸው ስህተቶች

ከሲዳማ፣ ከጌዴኦ፣ ከወላይታና ከምዕራብ አርሲ ለሕክምና ወደ ሐዋሳ የሚመጡ ሕፃናትን ካርድ ይዞ «ከ5 ዓመት በኋላ ስንቶቹ በሕይወት አሉ?» ብሎ የሚያሰላ ባለሙያ ከሁሉ በላይ ሊጠነቀቅለት የሚገባው ከክትትል የጠፉትን ልጆች ነው። እንበልና ከ10 ሕፃናት 4ቱ በሕይወት መኖራቸው ተረጋግጧል፣ 3ቱ ሞተዋል፣ የ3ቱ ወላጆች ስልክ ግን አይሠራም። ሦስቱን ከስሌቱ ብናወጣ ውጤቱ 57 በመቶ፣ በሕይወት አሉ ብንል 70፣ ሞተዋል ብንል 40 በመቶ ይሆናል።

የስታቲስቲክስ ባለሙያዎቹ ካፕላንና ማየር በ1958 እ.ኤ.አ. ያቀረቡት፣ የጠፋውን ታካሚ እስከታየበት የመጨረሻ ቀን ድረስ ብቻ የሚቆጥረው የስሌት ዘዴም ብቻውን አያድነንም፤ የጠፋው ልጅ ዕጣ በክትትል ላይ ካሉት የተለየ አይደለም ብሎ ስለሚነሳ ነው። የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪ ከብዷቸው፣ ወይም እብጠቱ ሲጎድል ልጁ የዳነ መስሏቸው ወላጆቹ ኬሞውን (የካንሰር መድኃኒት ሕክምናውን) ያስቋረጡት ልጅ ግን በሽታው የሚያገረሽበት ዕድል እጅግ ከፍ ያለ ነው። ስለዚህ ለ4 ተከታታይ ሳምንታትና ከዚያ በላይ ያቋረጠውን ለብቻው መዝግቦ፣ ማቋረጡን አንድ ጊዜ እንደ ሞትና እንደ ማገርሸት ቆጥሮ፣ ሌላ ጊዜ ሳይቆጥር ማስላትና ሁለቱንም ውጤት ማቅረብ ይገባል። ገና በመጀመሪያው ቀን የአባትየውን ስልክ ብቻ ሳይሆን የጎረቤትንና የቀበሌውን የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ቁጥር ካርዱ ላይ መጻፍ ከብዙ ስሌት ይበልጣል።

ሁለተኛው የቀን አጻጻፍ ነው። ካርድ ላይ «05/02/2012» ተብሎ የተጻፈው ቀን በእኛ አቆጣጠር ጥቅምት 5 ሲሆን፣ በፈረንጆቹ ከተነበበ ከ7 ዓመት በላይ ወደ ኋላ ይሄዳል። የዘመን አቆጣጠሩ በግልጽ ካልተጻፈ አንድ ካርድ ብቻ መላውን ስሌት ሊያዛባ ይችላል።

ቆጠራውን ሕክምና ካለቀበት ቀን መጀመርም ያሳስታል። የአጣዳፊ ሊምፎብላስቲክ ደም ካንሰር ሕክምና ከ2 እስከ 3 ዓመት ስለሚወስድ፣ በመሐል የሞቱት ሁሉ ሳይቆጠሩ ይቀራሉ፤ መነሻው በሽታው የታወቀበት ቀን መሆን አለበት።

ልዩ ልዩ በሽታዎችንም በአንድ ቁጥር መጠቅለል አይገባም፤ ዓይን ውስጥ ሳለ የተደረሰበት ሬቲኖብላስቶማ (የሕፃናት የዓይን ካንሰር) እና ወደ አንጎል የዘለቀው እንኳ አንድ አይደሉም። ባለጸጋ አገሮች የሚጠቅሱትን ከ80 በመቶ በላይ የሆነ ውጤት ወስዶ ለእኛ ወላጆች መንገርም ተስፋ መስጠት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ራሱ እስከ 2030 እ.ኤ.አ. እንዲደረስበት ያስቀመጠው ግብ ቢያንስ 60 በመቶ ነው።

በመጨረሻም 5 ዓመት የሞላውን ልጅ «ድኗል» ብሎ ካርዱን መዝጋት ትክክል አይደለም። ዶክሶሩቢሲን የተባለውን የካንሰር መድኃኒት የወሰደ ልጅ የልብ ድካም፣ ጨረር የተሰጠው ደግሞ ሌላ ካንሰር ከብዙ ዓመታት በኋላ ሊያጋጥመው ስለሚችል፣ ቀጠሮውም ምዝገባውም እስከ ጉልምስናው መቀጠል አለበት።